የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ በዐደን ሐማም ውስጥ

በዚህ መጽሔት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ባሕሩ መንገድ ብዙዎቻችን ጽፈናል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም ስለ ሳይንስ ክፍል። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ሳንባችሁን የሚመለከት ጉዳይ አለበት።

«አሥረኛ ድረስ ተምረሽ ለሰው ቤት ወለል ነው እንዴ?» ተብላ ያልተጠየቀች ከመካከላችን ያለች አይመስለኝም። አገር ቤት ስንደውል ይጠይቁናል፤ ሌሊት ደግሞ ራሳችን ራሳችንን እንጠይቃለን። ጥያቄው የተማርነው ሁሉ ባሕር ላይ እንደቀረ አድርጎ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ዐደን ውስጥ በኖርሁባቸው ዓመታት ከተማርሁት ሁሉ በየቀኑ የሠራሁበት ነገር ቢኖር ልኬትና ኬሚስትሪ ነው።

የተማርሁት ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ብዙ በማይርቅ የወረዳ ከተማ ነው። ዘጠነኛ የገባሁት በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ፕላዝማ በየክፍሉ በተሰቀለበት ዘመን ነበር። የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሱታላችሁ፦ በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ መልሱን ራሱ መልሶ ያልፋል። እኛ ገና «ምን አለ?» እየተባባልን ነው። ቤተ ሙከራ ነበረን፤ ቁልፉ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሞል፣ ሞላሪቲ፣ ሲግኒፊካንት ፊገር እያልን ሸመደድን። ዛሬም ቢሆን እንደዚያ መማር ጥሩ ነበር የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፕላዝማው ጥቁር ሲሆን የኬሚስትሪው ቲቸር ጠመኔውን አንስቶ በአማርኛ ይጀምራል። አንድ ቀን ከቤቱ አቼቶና የእንቁላል ቅርፊት ይዞ መጣ። ቅርፊቱን አቼቶው ውስጥ ሲጨምረው መፍላት ጀመረ፤ እሳት የለም፣ ይፈላል። «ይህ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እናታችሁ እንጀራ ሲጋገር ዓይን የሚያወጣውም እሱ ነው» አለን። ከዚያ ሎሚና የኮመጠጠ ሊጥ አሲድ፣ የአመድ ውሃና ሳሙና ቤዝ መሆናቸውን ነገረን። ስለ ልኬትም ያለን ነገር ከደብተሬ ቀድሞ ልቤ ላይ ነው የተጻፈው፦ መለካት ማለት የማታውቀውን ከምታውቀው ጋር ማወዳደር ነው። ክንድ የማን ክንድ? ስኒ የየትኛው ቤት ስኒ? ግራምና ሊትር የመጡት ይህ ጥያቄ እንዳይነሳ ነው።

እዚህ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ኮርማክሳር በሚገኝ ሰፊ ቤት ነበር። ከእኔ ሌላ አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች፤ ከሰባተኛ ያቋረጠች፣ በሥራ ግን የማትገኝ ጎበዝ። የዐደን ውሃ እንደምታውቁት ማንቆርቆሪያው ውስጥ፣ ቧንቧው አፍ ላይ፣ ሐማሙ ንጣፍ ላይ ነጭ ድንጋይ እየሠራ ይቀራል። ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ይበዛበታል፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ዘመድ ነው። በፍግፈጋ አይለቅም፤ በአሲድ ይለቃል። ለዚህ ነው ማዳሞቹ ጠንካራውን የሽንት ቤት ማጽጃ የሚገዙት። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በረኪናው አለ፤ እዚህ ክሎሮክስ የሚሉት። የእሱ ስም በኬሚስትሪ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን እንግዳ ሊመጣ ነውና ማዳም ያቺን ልጅ «ሁለቱን ቀላቅለሽ አፍስሺበት፣ ቶሎ ይነጣል» አለቻት። መብራት ጠፍቶ የአየር ማውጫው ቆሟል፤ መስኮቷ መጽሐፍ አታክልም። እኔ ፎቅ ላይ ልብስ አጣጥፋለሁ። በርበሬ እሳት ላይ እንደወደቀ ያለ ነገር ደረጃው ላይ አፍንጫዬን ሲወጋኝ የምን ሽታ እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሻሽን ውሃ ነክሬ አፌ ላይ አድርጌ ወረድሁ። ተንበርክካ ነበር፤ ዓይኗ ይፈሳል፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ግን መፈግፈጓን አላቆመችም። ብብቷ ሥር ገብቼ ጎትቼ አወጣኋትና ወደ ጣሪያው ይዣት ወጣሁ። ባልዲው እዚያው ቀረ። ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት ኦክስጅን ተደርጎላት አደረች። ቤቱ ውስጥ ያለው ወሬ «አለርጂ አለባት» ነበር። አለርጂ አልነበረም። ዛሬም ደረጃ ስትወጣ መካከሉ ላይ ቆም ትላለች።

የሆነውን ነገር እንደ ክፍል ላስረዳችሁ። በረኪናና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገናኙ ሦስት ነገር ይወጣል፦ ውሃ፣ የገበታ ጨውና ክሎሪን ጋዝ። ሁለቱ ምንም አይሉሽም። ሦስተኛው በፈረንጆች 1915 ሚያዝያ ላይ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ወታደር ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። (በእኛ አገር ጣልያን በ1928 ከአውሮፕላን ያርከፈከፈው የሰናፍጭ ጋዝ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱም ቢሆን ውስጡ ክሎሪን አለበት።) በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያንቅ ጋዝ ይወጣል፤ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አሞኒያ አለ። አቼቶና ሎሚም ከበረኪና ጋር አይሆኑም፤ አሲድ አሲድ ነው፣ የምግብም ቢሆን።

አሁን ያንን ስንሸመድደው የነበረውን ፔሪዮዲክ ቴብል አስታውሱ። የክሎሪን አቶሚክ ክብደት 35.5 ነው። ጋዙ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለሚጓዝ 71 ይሆናል። የምንተነፍሰው አየር በአማካይ 29 አካባቢ ነው። 71ን ለ29 አካፍሉት፤ ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ስለዚህ አይወጣም፣ ይወርዳል። ኢፕር ላይ ምሽግ ውስጥ የነበሩትን የጎዳቸው ለዚህ ነው። ሐማም ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ ይተኛል። በር ላይ ቆማ የምታዝዘው ሴት አፍንጫ ጋ ከመድረሱ በፊት ተንበርክካ የምትፈገፍገውን ያገኛታል። የእኛ ሥራ የሚሠራው በጉልበት ተሁኖ ነው። ይህንን ስሌት ያገኘሁት ከዚያ ቀን በኋላ፣ ማታ አልጋዬ ላይ፣ በመዳፌ ላይ እየቆጠርሁ ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ የምላችሁ ይኼ ነው። አፍንጫችሁን ከወጋ፣ ወዲያው ቁሙ። ባልዲውን ለመድፋት አትመለሱ፣ ንጣፉን ለመጨረስ አትቆዩ። ወደ ውጭ፣ ከተቻለም ወደ ላይ ውጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጠቡ። ሳሉ ቀለል ቢልም እንኳ ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የገባውን ነገር ስሙን ንገሩ፦ «ክሎሮክስና አሲድ» በሉ። አለርጂ አትበሉ።

«እሺ፣ ማዳም ካዘዘችስ?» ትሉኛላችሁ። እምቢ ማለት ለሁላችንም እኩል አይቀልም፤ ይህን አውቃለሁ። እኔ የምጠቀምበት መንገድ «ሁለቱንም እሠራለሁ፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን» ማለት ነው። አሲዱን ልኬ፣ ጠብቄ፣ በብዙ ውሃ አጥቤ አፈስሳለሁ። በረኪናው በማግስቱ። ውጤቱ ያው ነው፣ እንዲያውም ይሻላል፤ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ጉልበታቸውን ጋዝ በመሥራት ይጨርሳሉ እንጂ ንጣፉን አያጸዱም። ይህን ስትሰማ ማዳም ራሷ ትሰማለች፤ ዕቃ ማባከን ማን ይወዳል?

ልጅቷ ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በአማርኛ ጻፍሁበት። ማዳም «ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለችኝ። ነገርኋት። «ከየት አወቅሽ?» አለች። «ከትምህርት ቤት» አልኋት። አላመነችም። ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ ነበረቻትና መጽሐፏን አምጥታ ፈለገች። ክሎሪን በእነሱ ክሎር ነው፣ ሶዲየም ሶድዩም። ልጅቷ አነበበች፣ እናቷን አየቻት፣ «ልክ ናት» አለቻት። ማዳም ምንም አላለችም። ይቅርታም አልጠየቀችም። ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለትንሹ ልጅ የሚሰጠውን መድኃኒት እንዳነብ እኔን መጥራት ጀመረች።

መድኃኒቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ልኬት ነፍስ ነው። የልጆች የትኩሳት ሽሮፕ፣ ፓራሲታሞል፣ በየጠርሙሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250። ቀለሙ አንድ፣ ጣዕሙ አንድ፣ ማንኪያው አንድ፤ መድኃኒቱ ግን ከእጥፍ በላይ። ሐኪም ለልጁ 180 ሚሊ ግራም አዘዘ እንበል። ከመጀመሪያው ጠርሙስ 7 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው፤ ከሁለተኛው 3.6 ብቻ። «አንድ ማንኪያ ስጪው» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን ጠርሙስ፣ የትኛውንስ ማንኪያ ነው? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሾርባው 15። በመርፌ ሲሪንጅ ወይም ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው ስኒ ለኩ። ስኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ዓይናችሁን ከመሥመሩ ጋር እኩል አድርጉ፤ ከላይ ሆናችሁ ካያችሁት ያታልላችኋል። ይህ ሜኒስከስ ብለን የሸመደድነው ነገር ነው።

አሃዙ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። የዐረቦቹ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል። የእነሱ ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት። ስድስታቸው የእኛን ሰባት ይመስላል። አዲስ የመጣች ልጅ ሃምሳን አይታ «ዜሮ ነጥብ» ልትለው ትችላለች። ማንበብ የምትችለው ልጅ ናት የምትሳሳተው፤ ፈጽሞ የማታነበው ትጠይቃለች። ስለዚህ ከማንኛውም የዐረብኛ ቃል በፊት አሥሩን አሃዝ ተለማመዱ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ኮሌራው የመጣበትን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ አትረሱትም። በፈረንጆች 2016 መጸው ጀመረ፣ በ2017 ሚያዝያ እንደገና ተነሣ፣ ዓመቱ ሳያልቅ በየመን ተጠርጣሪው ሕመምተኛ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። እኛ ሸኽ ዑስማን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አምስት ሆነን እንኖር ነበር። ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ያኔ የበረኪናው ሌላ ፊት ጠቀመን። ሽታ ያልተጨመረበት፣ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት እጅ ያለው በረኪና ለአንድ ሊትር ንጹሕ መሳይ ውሃ ሁለት ጠብታ ነው። ለሃያ ሊትር ጀሪካን አርባ ጠብታ፣ ማለት 2 ሚሊ ሊትር ያህል። ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለልና ጠብታው እጥፍ ይሆናል። በረኪናው ፀሐይና ሙቀት ያየ ከሆነ ኃይሉ ይደክማል፤ በዐደን ሙቀት በረንዳ ላይ ከርሞ የነበረን ጠርሙስ አትመኑ።

የታመመችብን ልጅ ስትኖር፣ ለምለም ብለን የምናውቃት ዱቄት ካልተገኘች፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን ትንሽ በትንሽ እንሰጣት ነበር፤ ሐኪም ቤት እስክትደርስ። ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ መሆን አለበት፣ የተቆለለ አይደለም። ጨው ከበዛ በተለይ ለሕፃን ይጎዳል። ለምን ስኳርና ጨው አንድ ላይ? ስኳሩ አንጀት ውስጥ ጨውን ይዞ ይገባል፣ ጨው ደግሞ ውሃን ይስባል። አንዱ ሲጎድል ውሃው ያልፋል። እናቶቻችን በእፍኝ ለክተው ትልቅ ድግስ ያወጣሉ፤ እጃቸው ሚዛን ነው። ለዚህ ግን እፍኝ አይሆንም።

ወርቅም ልኬት ነው፤ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ክሬተር ወርቅ ቤት ስትገቡ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ግራሙንና ካራቱን። ንጹሕ ወርቅ 24 ነው። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ፣ ሦስቱ ብር ወይም መዳብ ነው። 10 ግራም ባለ 21 ካራት አምባር ውስጥ 8.75 ግራም ወርቅ አለ፤ በ18 ካራት 7.5 ብቻ። ፈርጥ ካለበት ፈርጡ አብሮ እንዳይመዘን። ሁለት ዓመት ጎንበስ ብላችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ በድንጋይ ክብደት አትስጡ። ፈረሱላ የምንለው፣ ዛሬም ቡና የሚመዘንበት 17 ኪሎው፣ በዚሁ ባሕር ንግድ ላይ የኖረ መስፈሪያ ነው። ስለ ሚዛን ከዚህ አገር ሰው ጋር መከራከር ለእኛ አዲስ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ። በዝግ በረንዳ ወይም በመተላለፊያ ውስጥ የሚነሣ ከሆነ በሩን ዘግታችሁ አጠገቡ አትተኙ። ከሰልም እንደዚያው። አየር ሲያንሰው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ክሎሪን ቢያንስ ይወጋል፣ ያስነሣል፣ ይህኛው ግን አስተኝቶ ነው የሚወስደው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በቤቱ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ከያዘ፣ ሁሉም ይውጣ።

አሁን ከዓርብ ከሰዓት ወዲያ የሚያርፉ ሰባት ስምንት ልጆች ሸኽ ዑስማን በአንዲት እህት ክፍል እንሰበሰባለን። ላሑሕ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፤ የላሑሑን ዓይን እያሳየሁ ከእንጀራችን ጋር አንድ ዓይነት አረፋ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ ጠርሙስ እናነባለን። መጀመሪያ ላይ የተማሩት ልጆች ይከብዱኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ የከበዱኝ ግን ያልተማሩት ናቸው፣ በጥያቄ። አንዲት ከስድስተኛ ያቋረጠች፣ አገር ቤት ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ በጣሳና በስኒ ትሸጥ የነበረች ልጅ አለች። ስለ ሁለቱ ጠብታ ስናወራ «እታለም፣ ጠብታው ራሱ ስንት ነው? የሁሉም ጠብታ እኩል ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከፕላዝማው ላይ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ሲሪንጅ አመጣንና ቆጠርን። ከዓይን መድኃኒት ጠርሙስ ሃያ ገደማ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ሞላ። ከበረኪናው ክዳን ጫፍ ስናንጠባጥበው ጠብታው ወፍራም ነው፣ ከሃያ ባነሰ ሞላ። «ታዲያ በክዳን አይሆንም፤ ይበዛል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኑን በሲሪንጅ እንለካለን፤ ሲሪንጁም ለሌላ ነገር እንዳይውል ቀይ ክር ታስሮበት ምስማር ላይ ይሰቀላል። ያቺ ልጅ አሁን ለአዲስ የሚመጡት ከእኔ የበለጠ ታስረዳለች። ልኬት ማወዳደር ነው የሚለውን የቲቸር ነገር ስነግራት ሳቀች፤ «ገበያ ላይ ሌላ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ለሚቀጥለው ዓርብ ካውስቲክ ሶዳን እንይ ብለናል፤ የቧንቧ መክፈቻው ነጭ ፍሬ። ውሃ ላይ እሱን ትንሽ በትንሽ ነው እንጂ እሱ ላይ ውሃ አይፈስስም፤ ለምን እንደሆነ እዚያው ባልዲው ሲሞቅ በእጃችሁ ውጭውን ነክታችሁ ታዩታላችሁ። ጓንት ያላት ይዛ ትምጣ። በየምትሠሩበት ቤት ያለቀ የማጽጃ ጠርሙስ ካለ አትጣሉት፣ አጥባችሁ አምጡልን። ጽሑፉ ያልተላጠ ይሁን።